ሦስት እስኪሞላ

ጤና አዳም በለጋ ቅቤ ሲሞቅ የሚሰጠውን ሽታ ሰው ሁሉ ይወደዋል። እኔ ግን ሲሸተኝ አንገቴን ወደ ቀኝ ሰብሬ ግራ ጆሮዬን ወደ ላይ እሰጣለሁ። አስቤበት አይደለም። ባለፈው ጥቅምት ጎረቤቴ ጆሮውን ለታመመ የልጅ ልጇ ቅቤውን በትንሽ ድስት ስታሟሙቅ አጠገቧ ተቀምጬ እንደ ልማዴ ተጣመምኩና "ምነው፣ አንገትሽን ምን ነካሽ?" አለችኝ። ምንም አልነካኝም ብያት ወጣሁ።

እውነቱን ለመናገር ግራ ጆሮዬ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ጌጥ ነው። ጉትቻ ይሸከማል እንጂ ሌላ ሥራ የለውም። በግራዬ የሚቀመጡ ሰዎች እንደ ልባቸው ያሙኛል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እኔ ዘንድ ሲደርስ ተረት መሆኑ ይቀራል። ይህን ቀልዴን የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቀዋል። ዱመርሶ ያሳለፍኩትን የቡና ወቅት ግን ለማንም አውርቼ አላውቅም፤ እሱን ቀልድ ላደርገው ብሞክርም አልሆነልኝም።

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ዲላ ኩፍኝ ገባ። አባቴ ዋናው መንገድ ዳር ልብስ ሰፊ ነበር፤ መኖሪያችንም ከሱቁ ጓሮ ነው። ሦስት ሳምንት ተኛሁ። ሽፍታው ሲጠፋ ግራ ጆሮዬ መግል ያፈስ ጀመር፤ እናቴ ጠዋትና ማታ ጤና አዳሙን በቅቤ እያሞቀች ታንጠባጥብልኛለች። መግሉ ደረቀ። ዳንሽ ተባልኩና ተነሣሁ።

ስነሣ ግን ዓለም ቦታዋን ቀይራ ጠበቀችኝ። ድምፅ ሁሉ ከቀኜ ይመጣል። አባቴ ከስፌት መኪናው ላይ ሲጠራኝ በሌላው በር ወጥቼ ወደ ጎረቤት እሮጣለሁ። የመኪና ጥሩንባ ስሰማ ከመኪናው ልሸሽ ብዬ ወደ መኪናው እሄዳለሁ። ትምህርት ቤት ልጆቹ ይህን ቶሎ ደረሱበት። ከኋላዬ ሆነው ስሜን ይጠራሉ፣ እኔ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የጃንሆይ ሥዕል ዞሬ "አቤት" እላለሁ፣ እነሱ በሳቅ ይፈርሳሉ። ሲጠሯት አቤት፣ ሲልኳት ወዴት እየተባልኩ የምመሰገን ልጅ ነበርኩ፤ አሁን አቤት የምለው ለግድግዳ ሆነ። አባቴ፣ ይህች ልጅ ፈዛለች፣ የገጠር አየር ያስፈልጋታል አለ።

አንድ ጆሮዬ እንደማይሰማ አላወቅኩም ነበር። ይህን ሳያውቁ እንዴት ይኖራል ትሉ ይሆናል። ልጅ የጎደለውን አይቆጥርም፤ የመጣበትን ነው የሚያየው። የመጣብኝ ደግሞ በቀኜ በኩል ነበር።

ቡና ሊጭን ወደ ይርጋ ጨፌ የሚወርድ ትሬንታ የጭነት መኪና ላይ፣ ባዶ ጆንያ መሀል አስቀመጡኝ። ዱመርሶ መገንጠያ ላይ የእናቴ አጎት አባባ በራሶ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ረጅም፣ ከሲታ ሽማግሌ ናቸው፤ በቆዳ የተለበጠ ሽመል አይለያቸውም። የሶንጎ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሶንጎ ጌዴኦዎች ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ክርክር የሚዳኙበት ሸንጎ ነው። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። እናቴን ገና ልጅ ሳለች "ና" እያሉ ነው ያሳደጓት፤ እኔንም "ና" አሉኝ። ደስ ይለኝ ነበር፤ ወንድ የሆንኩ ያህል ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ።

ከመድረሴ ወርቅነሽ የት አለች ብዬ ጠየቅሁ። ወርቅነሽ የልጅ ልጃቸው ናት፣ የእኔ እኩያ። ባለፈው ዓመት ክረምቱን ሙሉ አብረን ነበርን፤ ምንጭ ስንወርድ፣ እንጨት ስንለቅም ሁልጊዜ በቀኜ ትሄዳለች፤ በግራ ካስኬድኳት ታኮርፋለች። እናቷ እትዬ ፀሐይ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበርና ጥያቄዬን ሰማች፣ እቃዋን አስቀምጣ እንሰቱ ውስጥ ገባች፤ ሳትወጣ ቆየች።

ነገሩን ያወቅሁት በማግስቱ ምንጭ ላይ ነው። ሁለት ሴቶች ያወራሉ፤ አንደኛዋ በቀኜ ቆማለች። ሁለቱም በኩፍኝ የወደቁት በአንድ ሳምንት ነው አለች ስለ እኔና ስለ ወርቅነሽ። አንዷ ሄደች፣ አንዷ ቀረች። የሄደችው ብቻዋን አይሆንላትም፤ ይህችንም ትጠራታለች። ይህን ብላ እንስራዋን አነሣችና ደህና ዋይ አለችኝ።

እትዬ ፀሐይ ደግሞ ያንኑ ሰሞን ሕግ ነገረችኝ። እዚያ አገር ቤቶቹ እንሰትና ዛፍ ውስጥ ተበታትነው ነው ያሉት፤ ጎረቤት ለጎረቤት በጥሪ እንጂ በዓይን አይገናኝም። ጠዋት ጉም ሲወርድ ደግሞ ከእጅ ርቆ የሚታይ የለም። ስለዚህ ሰው ሲጠራ ሦስት ጊዜ ይጠራል። "ሦስት ሳይሞላ አቤት አትበይ" አለችኝ ፊቴን ሳታይ። "ሰው ከሆነ ይደግማል። ሰው ካልሆነ ሦስት አይሞላለትም።"

የእኔ ሥራ ቡና መጠበቅ ነበር። ከቤቱ ፊት ለፊት በቀርከሃ የተሠራ አልጋ አለ፣ ቀዩ ቡና እዚያ ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል እስኪሆን ይደርቃል። አልጋው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ፤ ዶሮ አባርራለሁ፣ ፍየል አባርራለሁ፣ በየሰዓቱ ቡናውን አገላብጣለሁ፣ ዝናብ ከመጣ በኮባና በሰሌን እሸፍናለሁ። ጀንፈሉ ከረጠበ ይሻግታል፤ የባለርስቱ ሰው ድርሻውን ሊወስድ ሲመጣ የሻገተ አይቀበልም፣ ጦሱ ለቤቱ ሁሉ ነው። ድንጋዩ ላይ ስቀመጥ አልጋው ከፊቴ፣ ቤቱ ከኋላዬ፣ በግራዬ ወደ ወንዙ የሚወርደው ቁልቁለት ነው። በቀኜ እንሰቱ አለ፤ እንሰቱ መሀል የወርቅነሽ አዲስ አፈር ነበር።

በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ጉሙ ገና ሳይነሣ፣ "ታዱ" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ታደለች ነው ስሜ፤ ታዱ የሚሉኝ ቤተሰቦቼ ብቻ ናቸው። የልጅ ድምፅ ነው፣ ቀጠን ያለ። ከቀኜ መጣ፣ ከእንሰቱ። ሁለተኛውን ጠበቅሁ፣ አልመጣም። ጥቂት ቆይቶ እትዬ ፀሐይ ከጉሙ ብቅ አለችና ቁርሴን ድንጋዩ ላይ ወርውራልኝ ሄደች።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሆነ። አንዴ ትጠራለች፣ አንዳንዴ ሁለቴ። እኔ እቆጥራለሁ። ሦስት ሞልቶ አያውቅም። አሁን ሳስበው የእትዬ ፀሐይ የራሷ ድምፅ ሳይሆን አይቀርም፤ እናትና ልጅ ድምፃቸው አንድ ነው፣ እሷም አንዴ ጠርታኝ ዝም ስላት ሁለተኛ ለመጥራት አንጀቷ አልቆረጠ ይሆናል። አንድ ቀን ግን እትዬ ፀሐይ አልጋው ማዶ ፊት ለፊቴ ቆማ ቡና ትለቅማለች፤ ከንፈሯ ገጥሟል፣ እያየኋት ነው፣ "ታዱ" የሚለውን ሰማሁ። ያን ዕለት ማን እንደጠራኝ ዛሬም አላውቅም።

ብልሃት ያገኘሁ መስሎኝ ቦታ ቀየርኩ። ከአልጋው ማዶ ዞሬ ተቀመጥኩ፣ እንሰቱ በግራዬ እንዲሆን። ጥሪው አሁንም ከቀኜ መጣ። ከቤቱ ጥግ ተቀመጥኩ፤ ከቀኜ። በየሄድኩበት ተከተለችኝ። ያኔ ገባኝ፤ መቃብሩ ውስጥ አይደለችም፣ እንደ ድሮዋ በቀኜ ነው የምትሄደው። ምሽት ላይ ምግብ ሲቀርብ ቀኝ ጎኔን ግድግዳ አስጠግቼ መቀመጥ ጀመርኩ፣ ቦታ እንዳታገኝ ብዬ። አልረባኝም።

አባባ በራሶ የቡና መድረቅ በዓይን አያምኑም። ከአልጋው እፍኝ ይዘግኑና ጆሯቸው ሥር ይነቀንቁታል። ፍሬው ቅርፊቱ ውስጥ ከተንኳኳ ደርቋል፤ ዝም ካለ ገና ነው። አስተማሩኝና ቀትር ላይ እየሞከርኩ እንድነግራቸው አዘዙኝ። በሁለት እጄ ዘግኜ በሁለቱም ጆሮዬ ነቀነቅሁ። የቀኙ ይንኳኳል፣ የግራው ዝም። እጅ አቀያየርኩ። ቅድም በቀኝ እጄ ሲንኳኳ የነበረው ቡና ወደ ግራ ሲዛወር ድምፁ ጠፋ፤ ሞቶ የነበረው ደግሞ በቀኝ ሲሆን ነፍስ ዘራ። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ያው ነው።

ምን ደመደምኩ መሰላችሁ፤ ግራ እጄ የነካው ነገር ይሞታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግራ እጄን በነጠላዬ ጠቅልዬ ያዝኩት። ቡናውን በአንድ እጄ አገላብጣለሁ፣ ጫጩቶቹን በግራ እንዳልነካ እጠነቀቃለሁ። እትዬ ፀሐይ በግራዬ ቆማ ስታናግረኝ አልመልስላትም፤ አልሰማኋትማ። እሷ ግን ንቀት ይሁን ኩርፊያ የራሷን ትርጉም ሰጥታው ኖሮ ጭራሽ ራቀችኝ። እኔ ደግሞ ግራ እጄን ፈርታ ነው እላለሁ።

አባባ በራሶ ለሁለት ቀን ከሩቅ ተመለከቱኝ። በሦስተኛው መጥተው እጅህን ምን ሆንክ አሉኝ። መጀመሪያ አልነግርም አልኩ፣ ከዚያ እንባዬ ቀደመኝና ሁሉንም አሳየኋቸው። ጀንፈሉን ከእጄ ወስደው ራሳቸው በግራ ጆሮዬ ነቀነቁት። ሞቷል አልኩ። በቀኝ ነቀነቁት። አሁን ዳነ አልኩ። ከኋላዬ ዞረው የሆነ ነገር አደረጉ፤ ምን እንዳደረጉ አልሰማሁም። ተመልሰው ፊቴ ቁጢጥ አሉ።

"ቡናው ደህና ነው" አሉ። "እጅህም ደህና ነው። ጆሮህ ነው የሞተው።"

ሊያጽናኑኝ ነበር። ለእኔ ግን ሞተ የሚለው ቃል ነገሩን አተመው። ስትቀበር ግማሼ ከወርቅነሽ ጋር ሄዷል ማለት ነው፤ በየቀኑ የምትጠራኝ የቀረውን ልትወስድ ነው። አቤት ካልኩ አለቀልኝ። ይህን ለእሳቸው መናገር አልቻልኩም፤ በዚያ ቤት ስሟ አይነሣም ነበር። የልጅ ልጅዎ ልትወስደኝ ነው ተብሎ ለሽማግሌ እንዴት ይነገራል?

እሳቸው ግን ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሥራ አገኙ። ድንጋዩ ላይ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ጆሮ ዳኛ አይደለም አሉኝ፣ ጆሮ ምስክር ነው። ዳኛው እዚህ ነው ብለው በጣታቸው ግንባሬን መታ መታ አደረጉት። ሶንጎ ላይ ሁለት ምስክር ይቀርባል፤ አንዱ ቀድሞ ሰማሁ ይላል፣ አንዱ ዘግይቶ፣ አንዱ ጮኸ ይላል፣ አንዱ በቀስታ ነው፤ ዳኛው ሁለቱን አስተያይቶ ነገሩ ከወዴት እንደመጣ ያውቃል። አንድ ምስክር ብቻ ከቀረበ ግን ዳኛው እሱ ያለውን ይፈርዳል፤ ይሳሳታልም። ታዲያ አንድ ምስክር ብቻ ያለው ሰው ፍርድ አያገኝም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ያገኛል" አሉ። "ያንኑ አንዱን ደጋግመህ ትጠይቃለህ። ወዲህ ዞረህ ትጠይቃለህ፣ ወዲያ ዞረህ ትጠይቃለህ። ድምፁ ሲያድግ ትቆማለህ። ያኔ ወደ ቀኝ እጅህ ሂድ።"

እሳቸው ንብ የሚከተሉት እንዲህ ነበር። መንጋ ሲያልፍ ይቆማሉ፣ አንገታቸውን ቀስ ብለው ያዞራሉ፣ ከዚያ የት ዛፍ ላይ እንዳረፈ ያውቁታል። ለእኔ ጨዋታ አደረጉት። ቡና ተክሉ ውስጥ ይደበቁና በሽመላቸው የዛፍ ግንድ ይመታሉ፤ ሁለት ፈጣን፣ አንድ ዘግየት ያለ። ኳ ኳ፣ ኳ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እዞራለሁ። መጀመሪያ እንሰት ጋር ተጋጨሁ፣ ጉድጓድ ገባሁ፣ ፍየል ላይ ወደቅሁ። በሳምንቱ ሁለት ጊዜ ሳልቆም በቀጥታ አገኘኋቸው። ጥርስ አልባ አፋቸውን ከፍተው ሳቁ። በዚያ ቤት የሳቅ ድምፅ ስሰማ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ እሱም ከቀኜ መጣ።

እሑድ ነበር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከኮረብታው ላይ ወዳለው የጸሎት ቤት ሄዷል። እትዬ ፀሐይ ከወርቅነሽ በኋላ አንድም እሑድ ቀርታ አታውቅም፤ ባሏ ለቡናው ወቅት ፍስሐ ገነት ከተማ ሥራ ገብቶ ስለነበር ብቻዋን ነው የምትሄደው። አባባ በራሶ ግን አይሄዱም፤ ዝማሬው እዚሁ ይደርሰኛል፣ ምን አደከመኝ ይላሉ። እውነትም ይደርሳል፤ ለእኔ ግን ከኮረብታው ሳይሆን ከእንሰቱ ሥር የሚዘመር ነበር የሚመስለኝ።

ጉሙ ረፋድም ሆኖ አልተነሣም። አባባ በራሶ የንብ መንጋ ሰምቻለሁ፣ ደርሼ መጣሁ ብለው ሽመላቸውን ይዘው ወጡ። በየት በኩል እንደወጡ አላየሁም፤ ቡናውን እያገላበጥኩ ነበር። ዝማሬው አበቃ፣ ስብከት ጀመሩ መሰለኝ ጸጥ አለ። ዶሮዎቹ እንኳ ዝም አሉ።

"ታዱ።"

አንድ አልኩ። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ከወትሮው ቀጭን፤ የታመመ ልጅ ይመስላል። ከቀኜ ነው፣ ከእንሰቱ። ወደዚያ አየሁ። ኮባዎቹ ከጉሙ ውስጥ ጫፋቸው ብቻ ይታያል፣ አንዱ ይወዛወዛል፣ ነፋስ ግን የለም።

"ታዱ።"

ሁለት። ወዲያው ነው የደገመው። በፊት እንዲህ አከታትላ ጠርታኝ አታውቅም። ዛሬ ሦስት ሊሞላ ነው። ከሞላ ሕጉ ሕግ ነው፣ አቤት ማለት አለብኝ፤ አቤት ካልኩ ደግሞ መሄዴ ነው። እናቴ ትዝ አለችኝ፣ የአባቴ ስፌት መኪና ትዝ አለኝ።

ሌባ ጣቴን ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ወተፍኩ።

ያን ጸጥታ እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? ሰው ሁለት ጆሮውን ሲደፍን ትንሽ ነገር ይሰማዋል። እኔ ግን በአንድ ጣቴ ዓለምን ሙሉ ዘጋሁት። የራሴ ደም ብቻ ነበር የሚሰማኝ። ኮባው መወዛወዙን ቀጥሏል፣ ዶሮዎቹ አፋቸውን ይከፍታሉ ድምፅ የላቸውም። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ፣ ቃል በቃል። ጣቴ እስኪደነዝዝ ተቀመጥኩ፤ ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም። ሩብ ሰዓት ይሁን ሰዓት፣ እስከ ዛሬ ሳሰላው ኖሬ አልደረስኩበትም።

ጣቴን ያስወጣኝ ዝናቡ ነው። አንድ ጠብታ እጄ ላይ፣ አንድ ጠብታ ቡናው ላይ። ከዚያ ወረደ። ጀንፈሉ ሊረጥብ ነው፤ ሰሌን ለመዘርጋት ሁለት እጅ ያስፈልጋል። ልብ የሚባል ነገር አልቀረልኝም ነበር፣ ግን ቡናው ሊበላሽ ነው። ጣቴን አወጣሁና ሰሌኑን ጎትቼ ዘረጋሁ፣ ኮባውን ደረብኩ፣ በድንጋይ ጫንኩት። ሦስተኛውን ጥሪ እየጠበቅሁ ነበር። የመጣው ግን ስሜ አልነበረም።

ኳ ኳ፣ ኳ።

በጣም የደከመ ነው፤ በመሀሉ ያርፋል። ወርቅነሽ ይህን ጨዋታ አታውቀውም። የጀመርነው እሷ ከሄደች በኋላ ነው፣ ከእኔና ከእሳቸው በቀር የሚያውቀው የለም። ዝናቡ ውስጥ ቆሜ ያ ሁሉ ፍርሃት ከላዬ ወርዶ ሌላ ዓይነት ፍርሃት ሲተካው ተሰማኝ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከፋ ነበር።

ድምፁ አሁንም ከቀኜ፣ ከእንሰቱ ነው የሚለኝ። እግሬ ወደዚያ ሊሮጥ ነበር። ያዝኩት። ምስክሩን ደጋግመህ ጠይቅ ብለዋል። ዓይኔን ጨፈንኩና ዞርኩ፣ ትንሽ፣ ትንሽ። ድምፁ አነሰ፣ ጠፋ ማለት ይቻላል፣ ከዚያ ማደግ ጀመረ። ፊቴ ወደ ቤቱ ሲገጥም ከሁሉም በላይ ሆነ። ዓይኔን ስከፍት በቀኝ እጄ በኩል ያለው ቁልቁለቱ ነው። ከእንሰቱ ተቃራኒ፣ ሙሉ ለሙሉ ተቃራኒ።

ወረድኩ። ሃያ እርምጃ እሄዳለሁ፣ እቆማለሁ፣ እዞራለሁ፣ እጠይቃለሁ፣ እሄዳለሁ። ወንዙ ጋር ሳይደርስ ገደል ቢጤ አለ፤ እዚያ ታች አባባ በራሶ ቡና ዛፍ ሥር ተጋድመዋል። አንድ እግራቸው እግር በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል። ሽመላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንዱን ይመታሉ፤ ሳያቸውም መምታታቸውን አላቆሙም። ከንፈራቸው አመድ መስሏል። አጠገባቸው ስደርስ ዓይናቸውን ገለጡና፣

"ቡናውን ሸፈንከው?" አሉ።

ሸፍኛለሁ አልኳቸው። ጎበዝ አሉና ሽመሉን ለቀቁት።

ሰው ልጥራ ብዬ ኮረብታውን ወጣሁ። ዝማሬው እንደገና ጀምሮ ነበር፤ እየዞርኩ እየጠየቅሁ ደረስኩ። በሩን ከፍቼ ጮህኩ ይላሉ፣ እኔ አላስታውሰውም። ወንዶቹ ቃሬዛ ሠርተው አወጧቸው። ማን አገኛቸው፣ እንዴት ተገኙ ሲባል አባባ በራሶ ቃሬዛው ላይ ሆነው፣ እንደ ጠራሁት መጣ አሉ። ሰዉ ሁሉ ራሴን ዳበሰኝ፣ ተመረቅሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም። እስከ መንገዱ ተሸክመዋቸው፣ በቡና ጫኝ መኪና ዲላ ወሰዷቸው።

ከሰዓት በኋላ እኔና እትዬ ፀሐይ ብቻ ቀረን። ዝናቡ አባርቶ ሰሌኑን አንሥተን ቡናውን እናናፍሳለን። እንደ ወትሮዋ በግራዬ ቆማ ነበር። ድንገት እጇን አራገፈችና አልጋውን ዞራ መጥታ በቀኜ ቆመች። አባባ ቃሬዛው ላይ ሳሉ የጆሮዬን ነገር ነግረዋታል። ያን ጊዜ የደበቅሁት ሁሉ ወጣ፤ ጥሪው፣ ቆጠራው፣ ጣቴ። ወርቅነሽ መስላኝ ነው አልኳት። ስሟን በዚያ ቤት ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

"ምን ትልሻለች?" አለችኝ።

ስሜን ብቻ አልኳት።

ጀንፈሉን በእጇ እየዘገነች መልሳ ታፈስሰዋለች። "እኔን አንድም ቀን ጠርታኝ አታውቅም" አለች። "ጉም በወረደ ቁጥር ቆሜ እጠብቃለሁ።"

አባቴ በሳምንቱ መጥቶ ወሰደኝ። አባባ በራሶን ሐኪም ቤቱ እግራቸውን አስሮ ለቋቸው እኛ ቤት፣ ከስፌት መኪናው ጀርባ ባለው አልጋ ተኝተው አገኘኋቸው። እግሩ ሳይሆን ደረታቸው ነበር የከፋው፤ ዝናቡ ውስጥ ብዙ ቆይተዋል፣ ብርድ ገብቷቸዋል። ሲተነፍሱ ውስጣቸው ይንኳኳል። እናቴ ትኩስ ነገር ታጠጣቸዋለች፣ እኔ በግራ ጎናቸው እቀመጣለሁ፣ ቀኝ ጆሮዬ ለእሳቸው እንዲሆን።

አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ ደንበኛ ሊሸኝ ወጥቶ መኪናው ጸጥ ባለበት፣ አባባ በራሶ ስንት ጊዜ ሰማኸኝ አሉኝ።

ሁለት አልኩ። ከዚያ ጣቴን አሳየኋቸው።

ጣቴን ያዙና አገላብጠው አዩት፤ ዳኛ ማስረጃ ሲያይ እንዲያ ነው። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"እኔም ቆጥሬያለሁ" አሉ። "ሕጉን ታውቃለህ፤ ሦስት ሲሞላ ትመጣለህ ብዬ ሦስት ጠራሁ። አልመጣህም። አራት ጠራሁ። አምስት ጠራሁ። ከዚያ መቁጠር ተውኩ።" አሳላቸው። "ሕጉ ጥሩ ነው። የወደቀ ሰው ግን ትንፋሹ ሦስት ላይደርስለት ይችላል። ከእንግዲህ አትቁጠር።"

ጥር ሳይገባ አረፉ። ዱመርሶ ወስደው እንሰቱ ውስጥ፣ ወርቅነሽ አጠገብ ቀበሯቸው። እኔን አልወሰዱኝም፤ ልጅ አይሄድም ተባለ። እንዴት እንደሞቱ ሲወራ ሰው ሁሉ፣ ልጅቱ እንደ ጠሯት ደረሰች፣ ቀናቸው ሆኖ ነው እንጂ ይል ነበር። ያንን ያረመ ማንም የለም። እኔም አላረምኩም።

የጎረቤቴ ቅቤ ከሸተተኝ በሳምንቱ ነው ተነሥቼ የሄድኩት። ዱመርሶ መገንጠያ ላይ ወረድኩና በእግሬ ገባሁ። ቤቱ ፈርሷል፣ እንሰቱ አለ። ሌላ ሰው የያዘው ግቢ ነው፣ የቡናው አልጋም ሌላ ነው፣ ድንጋዩ ግን ያው ነው። ባለቤቶቹ ለቡና ለቀማ ወጥተው ነበር። ማንም አልነበረም። ጉሙ ወርዷል። ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩና ከአልጋው ላይ እፍኝ ጀንፈል ዘግኜ በቀኝ ጆሮዬ ነቀነቅሁ። ደርቋል።

ታዱ የሚለኝ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም። እናቴ የመጨረሻዋ ነበረች።

ከቀኜ፣ አንድ ጊዜ፣ "ታዱ" የሚል ድምፅ መጣ። ቀጭን ነው።

አልዞርኩም። ሁለተኛውንም አልጠበቅሁም። ጀንፈሉን መልሼ አልጋው ላይ አፈሰስኩና ተነሥቼ ቆሜ፣ እናቴ እንዳሳደገችኝ፣ "አቤት" አልኩ።